የምራቅ ምርመራው «ስኳር የመያዝ ዕድልዎ 38 በመቶ» ካለ ምን ያህል ይታመናል?

ጥያቄው፦ «ዕድሜዬ 44 ነው፤ የምኖረው አሜሪካ ሜሪላንድ ነው። እናቴ በ52 ዓመቷ ስኳር ተገኘባት፤ አጎቴም የስኳር መድኃኒት ይወስዳል። በምራቅ የሚሠራ የዘረመል ምርመራ አድርጌ ‹ዓይነት 2 ስኳር የመያዝ ዕድልዎ 38 በመቶ ነው፤ ከአማካይ በላይ› የሚል ውጤት መጣልኝ። ተመራማሪዎች ይህን ቁጥር ከየት ያመጡታል? ለእኔ ለኢትዮጵያዊው ይሠራል? ልጆቼንስ ላስመርምር? 14 እና 11 ዓመታቸው ነው።»

ምላሽ፦

መልሱን ላስቀድም። ቁጥሩ ፈጠራ አይደለም፤ ነገር ግን በአብዛኛው እርስዎን በማይመስሉ ሰዎች መረጃ የተሰላ ስለሆነ የእርስዎ ቁጥር አድርገው አይያዙት። የእናትዎ በ52 ዓመት መታመም ከ38 በመቶው የበለጠ ይናገራል። ከሁለቱም ይልቅ ደግሞ አንድ የደም ምርመራ።

አሁን ወደ «ከየት አመጡት»። በአንድ ጂን ብልሽት ብቻ የሚመጡ በሽታዎች በቤተሰብ ውስጥ ጎልተው ስለሚታዩ፣ ከአያት እስከ የልጅ ልጅ ደም እየወሰዱ ጂኑን መከታተል ይቻላል። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የአስም፣ የልብ ሕመም ጂኖች ግን በዚህ መንገድ አልተገኙም። በእነዚህ በሽታዎች መቶዎች የዲኤንኤ ልዩነቶች እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት አስተዋጽኦ ያደርጋሉ፤ ክብደት፣ ምግብ፣ እንቅስቃሴና ዕድሜ ይጨመሩበታል። ስለዚህ መንገዱ ተቀየረ፦ ብዙ ሕሙማንና ብዙ ጤነኞች ተሰብስበው በመላው ዲኤንኤ ላይ የትኛው ፊደል በሕሙማኑ ዘንድ እንደሚበዛ ይቆጠራል። ባለሙያዎች ጂዋስ ይሉታል።

በ2005 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በእርጅና የሚመጣ የዓይን ሕመም ላይ ሲሠራ 96 ሕሙማንና 50 ጤነኞች ብቻ በቁት። የተገኘው ልዩነት ጉልበቱ እጅግ ትልቅ ስለነበረ ነው፤ ሁሉም በሽታ እንዲህ ይገኛል ብለው ተስፋ ያደረጉ ብዙዎች ነበሩ፣ አልሆነም። በ2007 እንግሊዝ ውስጥ በ7 በሽታዎች ላይ ለእያንዳንዱ 2,000 ሕሙማን፣ ለሁሉም የጋራ 3,000 ማነጻጸሪያ ሰዎች ተወስደው ሲሠራ ነው ነገሩ መስመር የያዘው። ዛሬ የስኳር ጥናት የት እንደደረሰ ለማየት፦ በ2024 የታተመው ትልቁ ጥናት 2.5 ሚሊዮን ሰዎችን፣ ከእነርሱም 428,452 የስኳር ሕሙማንን ይዞ 611 የዲኤንኤ ሰፈሮችን ለይቷል።

ይህን ያህል ሰው ለምን ያስፈልጋል? ሒሳቡ ቀላል ነው። በአንድ ጥናት ሚሊዮን ያህል ራሳቸውን የቻሉ ቦታዎች ስለሚፈተሹ፣ በአጋጣሚ ብቻ ብዙ «ግኝት» ይወጣል። ስለዚህ የተለመደው 0.05 ለሚሊዮን ይካፈልና ወሰኑ 0.00000005 ይሆናል። ከ100 የዲኤንኤ ቅጂዎች በ30ው ላይ ያለ፣ አደጋውን በአንድ ቅጂ 1.4 እጥፍ የሚያደርግ ልዩነት ይህን ወሰን እንዲያልፍ 1,700 ገደማ ሕሙማንና ያንኑ ያህል ጤነኞች ይፈልጋል። ጉልበቱ 1.05 እጥፍ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከእያንዳንዱ ወገን 80,000 ሰው ገደማ። የስኳር ልዩነቶች አብዛኞቹ ጉልበታቸው እንዲህ ትንሽ ነው። «በ200 ሰው ላይ የስኳር ጂን አገኘን» የሚል ዜና ሲያነቡ ይህን ሒሳብ ያስታውሱ።

ሥራው በላብራቶሪ ውስጥ እንዲህ ይሄዳል። ከደም ወይም ከምራቅ ዲኤንኤ ይወጣል፤ ለአንድ ቺፕ (ዲኤንኤው ለሚነበብበት ትንሽ ሰሌዳ) በናኖግራም የሚለካ መጠን ይበቃል። ቺፑ ከ500,000 እስከ 2 ሚሊዮን ቦታዎችን ያነባል። ከዚያ የጥናቱ ዕጣ የሚወሰንበት ማጥራት ይመጣል፦ ከ2 በመቶ በላይ ፊደሎቹ ያልተነበቡለት ናሙና ይወጣል፤ በመዝገቡ ሴት ተብሎ ዲኤንኤው ወንድ የሚል ናሙና ይወጣል (ብዙውን ጊዜ ቱቦ ተቀያይሯል ማለት ነው)፤ ወንድምና እህት ወይም የአክስት ልጆች ሳይታወቅ ገብተው ከሆነ አንዱ ይቀራል ወይም ዝምድናውን በሚያስላ ሞዴል ይሠራል። እናትና አባት በሚያወርሱት ሕግ መሠረት መገኘት ካለበት መጠን በጣም የራቀ ቦታም ይጣላል፤ የቺፑ የንባብ ስህተት ሊሆን ይችላልና።

ሕሙማኑና ጤነኞቹ በተለያየ ጊዜ ወይም በተለያየ ዓይነት ቺፕ ከተነበቡ ደግሞ ጥናቱ በሽታውን ሳይሆን ቺፑን ያገኛል። ይህ የፈጠራ ስጋት አይደለም። በ2010 መቶ ዓመት ስላለፋቸው ሰዎች በታወቀ የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ከዚህ የተነሳ ጥያቄ ተነሥቶበት በ2011 ተሰርዟል። መፍትሔው ሕሙማንንና ጤነኞችን በአንድ ሳህን ላይ ቀላቅሎ ማንበብ ነው። ወጪው አይጨምርም፤ የሚፈልገው ቀድሞ ማሰብን ብቻ ነው።

ቀጥሎ ያልተነበቡትን ቦታዎች መሙላት አለ። ቺፑ አንድ ሚሊዮን ቢያነብ፣ ሙሉ ዲኤንኤያቸው ከታወቀ ሰዎች ጋር ተነጻጽሮ ቀሪዎቹ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ቦታዎች በግምት ይሞላሉ። ዳዊት የደገመ ሰው የመዝሙሩን መጀመሪያ ሲሰማ ቀሪውን እንደሚሞላ ማለት ነው፤ የሚነበብለት ግን ዳዊት ካልሆነ የሚሞላው ሁሉ ስህተት ይሆናል። እርስዎን የሚመለከተው ችግር ከዚህ ይጀምራል። ለረጅም ጊዜ ዋና ማመሳከሪያ የነበረው «የ1000 ጂኖም ፕሮጀክት» ከአፍሪካና ከአፍሪካ ዘር 7 ሕዝቦችን ይዟል፤ ናይጄሪያ፣ ጋምቢያ፣ ሴራሊዮን፣ ኬንያ፣ ባርቤዶስ፣ አሜሪካ አሉበት። ኢትዮጵያዊ የለበትም። የቅርቡ ጎረቤት በኬንያ ዌቡዬ የሚኖሩት ሉህያዎች ናቸው።

የኢትዮጵያ ደጋ ሕዝብ ዲኤንኤ ደግሞ ወደ አንዱ ሳጥን የሚገባ አይደለም። በ2012 የወጣ ጥናት የአማራና የሌሎች ሴማዊና ኩሻዊ ቋንቋ ተናጋሪዎች ዲኤንኤ ከ40 እስከ 50 በመቶ ከአፍሪካ ውጭ ካሉ ሕዝቦች ጋር የሚመሳሰል፣ ውሕደቱም ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት የሆነ መሆኑን አሳይቷል። የተቀረው ክፍልም ከምዕራብ አፍሪካ የተለየ ነው። የምርመራ ድርጅቱ እርስዎን ከማን ጋር እንዳነጻጸረ ሪፖርቱ ላይ «ዘር» ወይም «የትውልድ ምድብ» በሚለው ክፍል ይፈልጉ። «ከሰሃራ በታች አፍሪካ» ቢልም፣ «ሌላ» ቢልም፣ ኢትዮጵያውያን ላይ ተፈትኗል የሚል መስመር ከሌለ አልተፈተነም ብለው ይያዙት።

38 በመቶው ራሱ እንዴት እንደሚወጣ እንይ። ለእያንዳንዱ ልዩነት አደገኛው ፊደል ስንት ቅጂ እንዳለዎት ይቆጠራል፤ 0፣ 1 ወይም 2። ያ ቁጥር በልዩነቱ ጉልበት (በሎጋሪዝም) ይባዛል፣ ሁሉም ይደመራል። ከስኳር ልዩነቶች በጣም የታወቀው ቲሲኤፍ7ኤል2 የሚባለው ጂን ላይ ያለው ነው፤ በ2006 አይስላንድ ውስጥ የተገኘ፣ በአንድ ቅጂ 1.4 እጥፍ ገደማ። ሎጋሪዝሙ 0.34 ስለሆነ ሁለት ቅጂ ያለው ሰው 0.67 ያገኛል። 1.05 እጥፍ የሆነ ልዩነት ግን በቅጂ 0.049 ብቻ ይሰጣል፤ 14 ያህል ቅጂ ተደምሮ ነው ከእርሱ ጋር የሚተካከለው። ድምሩ ከሌሎች ሰዎች ድምር ጋር ይነጻጸርና ደረጃዎ ይወጣል። በመጨረሻ ያ ደረጃ በዕድሜና በጾታ ከተመዘገበ የበሽታ ስርጭት ጋር ተጣምሮ ወደ በመቶ ይለወጣል።

ስህተት የሚገባው በሦስቱም ደረጃ ነው። ቺፑ ላይ ያለው ፊደል ብዙውን ጊዜ በሽታውን የሚያመጣው ራሱ አይደለም፤ አብሮት የሚወረስ ጎረቤት ነው። በአውሮፓውያን ዘንድ ሁለቱ ተጣብቀው ይወረሳሉ፤ በአፍሪካ ሕዝቦች ግን ታሪኩ ረጅም ስለሆነ ትስስሩ ተቆራርጧል፣ ጎረቤቱን ቆጥሮ ጥፋተኛውን ማወቅ አይቻልም። ሁለተኛው ንጽጽሩ ነው፦ ፊደሎች ከሕዝብ ሕዝብ መጠናቸው ስለሚለያይ፣ በሽታው ሳይለይ አማካይ ድምሩ ብቻ ይቀየራል። በቁመት ላይ ይህ ሲሞከር በአውሮፓ መረጃ የተሠራው ነጥብ (እንዲህ ያለው ድምር) ምዕራብ አፍሪካውያንን ከአውሮፓውያን በጣም አጭር ናቸው ብሎ ተንብዮአል፤ እውነታው እንዲያ አይደለም። ሦስተኛው የሕዝብ ስርጭቱ ቁጥር ነው፤ የአሜሪካ ነው ወይስ የእንግሊዝ? በ2019 ይህ ሁሉ ተደምሮ ሲመዘን፣ እነዚህ ነጥቦች በአፍሪካ ዘር ሰዎች ላይ ያላቸው ትክክለኛነት በአውሮፓውያን ላይ ካለው በአማካይ 4.5 ጊዜ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በዚያን ጊዜ ከጥናት ተሳታፊዎች 79 በመቶው የአውሮፓ ዘር ነበሩ።

«ታዲያ ኢትዮጵያ ውስጥ መቶ ሺህ ሰው ሰብስቦ መሥራት ነው» ሊሉ ይችላሉ። አዎን፤ ግን እዚያም ወጥመድ አለ። ሕሙማኑ ከአንድ አካባቢ፣ ጤነኞቹ ከሌላ ከመጡ የሚገኘው የአካባቢ ልዩነት ነው። ይህ በሩቅ ሕዝቦች መካከል ብቻ የሚሆን አይምሰልዎ። በደቡብ ኦሞ አንድ ቋንቋ የሚናገሩት የአሪ አንጥረኞችና ገበሬዎች በዲኤንኤ ሲለኩ ጎልተው ይለያያሉ። ጥንት የተለያየ ምንጭ ስላላቸው ሳይሆን፣ አንጥረኞቹ ስለተገለሉና እርስ በርሳቸው ብቻ ስለተጋቡ መሆኑን በ2015 የወጣ ጥናት አሳይቷል። በአንድ ወረዳ ውስጥ ይህን የማያርም ጥናት የሙያን መገለል የበሽታ ጂን ብሎ ሊያትም ይችላል። ማረሚያው ሰዎቹ በዲኤንኤ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ የሚያሳዩ ዋና መለኪያዎችን፣ አብዛኛውን ጊዜ 10 ወይም 20፣ ወደ ሒሳቡ ማስገባት፣ ከዚያም ግኝቱን በእናት፣ አባትና ልጅ ላይ መድገም ነው። በቤተሰብ ውስጥ የሕዝብ ልዩነት አያሳስትም።

በትክክል የተሠራ ምሳሌም ከአገራችን አለ። ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በ2012 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ያሳተሙት የዝሆኔ (ፖዶኮኒዮሲስ) ጥናት በደቡብ ኢትዮጵያ 194 ሕሙማንና 203 ጤነኞችን አነጻጽሮ፣ በ202 የእናት፣ አባትና ልጅ ሦስትዮሽ አረጋግጦ፣ ምልክቱ የሰውነት መከላከያን በሚመራው ኤችኤልኤ በተባለ ሰፈር እንደሆነ አገኘ። ከላይ ባልኩት ሒሳብ ሰዉ ጥቂት ነው፤ ለምን ተሳካ? የልዩነቱ ጉልበት ከስኳሮቹ በጣም ይበልጣል፣ ማነጻጸሪያዎቹም እዚያው ቀይ አፈር ላይ የሚኖሩ ናቸው። አፈሩን ረግጦ የማያውቅ ጤነኛ ሰው ማነጻጸሪያ ሊሆን አይችልም፤ ጂኑ ቢኖረውም አይታመምምና። ጂኑ ተገኘ ተብሎ ደግሞ መከላከያው አልተለወጠም፤ ጫማና እግርን መታጠብ ነው።

«እንዲህ ከሆነ ጥናቱ ምን ይጠቅማል?» ለእኔ ትልቁ ጥቅም ትንበያው ሳይሆን የበሽታው ስልት መገለጡ ነው። አብዛኞቹ የዓይነት 2 ስኳር ምልክቶች ኢንሱሊን በሚሠሩት የቆሽት ሴሎች ላይ የሚያተኩሩ መሆናቸው በሽታውን የውፍረት ጉዳይ ብቻ አድርጎ የማየት ልማድ ቀይሯል። ፒሲኤስኬ9 የተባለው ጂን ከሁሉ የጎላ ነው፦ በ2003 በፈረንሳይ ቤተሰቦች ላይ ጂኑ ከልክ በላይ ሲሠራ ኮሌስትሮል እንደሚጨምር ታወቀ፤ ቀጥሎ ዳላስ ውስጥ ተመራማሪዎቹ ሄለን ሆብስና ጆናታን ኮኸን ከአፍሪካ አሜሪካውያን 2.6 በመቶ ያህሉ የጂኑ አንድ ቅጂ የተበላሸባቸው መሆናቸውን አገኙ። መጥፎው ኮሌስትሮላቸው በ28 በመቶ፣ የልብ ሕመማቸው በ88 በመቶ ዝቅ ያለ ነበር። ጤነኛ ሰዎች ናቸው፤ እንግዲህ ጂኑን ማገድ ጉዳት የለውም ማለት ነው። በ2015 ይህን የሚያግዱ ሁለት መርፌዎች ተፈቀዱ። ፍንጩ የተገኘው ጥናቶች ዘወትር በሚዘነጉት ሕዝብ ውስጥ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ግኝትን ወደ ስልት መለወጥ ግን ዓመታት ይወስዳል። ከ90 በመቶ የሚበልጡት ምልክቶች ፕሮቲን በሚሠራው የጂን ክፍል ውስጥ አይደሉም። በ2007 ኤፍቲኦ በተባለ ጂን ውስጥ የተገኘው ልዩነት ሁለት ቅጂ ላለው አዋቂ 3 ኪሎ ገደማ ይጨምራል፤ ተመራማሪዎች ጂኑን ለዓመታት መረመሩ። በ2014 እና በ2015 የወጡ ሥራዎች ግን ያ ሰፈር የሚያዝዘው ግማሽ ሚሊዮን ፊደል ርቆ ያለውን አይአርኤክስ3 የተባለ ጂን መሆኑን አመለከቱ። ስለዚህ «የውፍረት ጂን አለብህ» የሚል ሪፖርት ስሙን እንኳ በትክክል ላያውቀው ይችላል።

ለኢትዮጵያዊ በተግባር የሚጠቅሙ ሁለት የዘረመል እውነቶች ላንሳ፤ ከስኳር ውጭ ቢሆኑም። አንደኛው ኩላሊት። አፖኤል1 የተባለው ጂን አደገኛ ቅጂዎች በምዕራብ አፍሪካ ዘር ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እስራኤል በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ በተሠራ፣ በ2011 በወጣ ጥናት ግን አልተገኙም። አሜሪካ ውስጥ ቅጹ ላይ «ጥቁር» የሚለውን ሳጥን ሞልተው ሐኪሙ በዚህ ቢያሳስብዎ፣ የትውልድ አገርዎን ይንገሩት። ሁለተኛው ኮዴይን። ጉበት ይህን የሕመም ማስታገሻ ወደ ሞርፊን የሚለውጥበት ሲዋይፒ2ዲ6 ጂን በ1996 በወጣ ጥናት ከኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ዘንድ ከተለመደው በላይ ቅጂ ያለው ሆኖ ተገኝቷል። እንዲህ ያለ ሰው በተለመደ መጠን ሞርፊኑ ሊበዛበት ይችላል። ለልጅና ለምታጠባ እናት ኮዴይን አይሰጥ።

ስኳርን በተመለከተ ደግሞ ጂንና ኑሮ እንዴት እንደሚጋጠሙ ከኢትዮጵያ ቤተ እስራኤል የበለጠ አስረጂ ጥቂት ነው። በ1980ዎቹ ወደ እስራኤል ሲገቡ ስኳር በመካከላቸው እምብዛም አልነበረም፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከፍ አለ። ጂናቸው በአውሮፕላን ላይ አልተለወጠም። ሰውነታቸው ብዙም ሳይወፍር የሚታመሙ መኖራቸውም ታይቷል፤ ስለዚህ «ቀጭን ነኝ» ብለው አይዘናጉ።

አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው። ሐኪምዎን ኤዋንሲ (A1C፣ የጥቂት ወራት አማካይ የደም ስኳርን የሚያሳይ ምርመራ) እና የጾም ስኳር ይጠይቁ። ኤዋንሲ ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ ቅድመ ስኳር፣ 6.5 እና ከዚያ በላይ ስኳር ነው፤ የጾም ስኳር (በሚሊግራም በዴሲሊትር) ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር፣ 126 እና ከዚያ በላይ ስኳር። ምልክት የሌለው ሰው ከፍ ያለ ውጤት ካገኘ ምርመራው መደገም አለበት። የጾም ሲባል ቢያንስ 8 ሰዓት ከውሃ በቀር ምንም አለመቅመስ ነው። ከሥጋና ከወተት መጾም አይቆጠርም፤ የማለዳዋ ቡና ከደም መስጠቱ በኋላ ትሁን። የብረት እጥረት ካለብዎ ኤዋንሲ ከእውነቱ ከፍ ሊል ይችላል፤ ቀይ የደም ሴሎች ቶሎ የሚሞቱበት ሁኔታ ካለ ደግሞ ዝቅ ይላል። ሁለቱን አብሮ መሥራት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ስለ እናትዎም ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ሲታመሙ ቀጭን ነበሩ? ከመጀመሪያው ኢንሱሊን ላይ ገቡ? መልሱ አዎን ከሆነ ዓይነት 2 ላይሆን ይችላል፤ ሰውነት የራሱን ቆሽት እያጠቃ መሆኑን የሚያሳየው የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ያስፈልጋል። በቤተሰቡ ስኳር ከ25 ዓመት በፊት እየጀመረ በሦስት ትውልድ ከወረደ ደግሞ በአንድ ጂን የሚመጣው ሞዲ የተባለው ዓይነት ይጠረጠራል። የዘረመል ምርመራ እውነተኛ ዋጋ የሚኖረው እዚህ ነው፤ በአንዳንዱ ዓይነት ኢንሱሊን ቀርቶ በክኒን መታከም ይቻላልና። ይህ የሚሠራው ግን ፈቃድ ባለው የክሊኒክ ላብራቶሪ ነው። ጥሬ ፋይሉን አውርደው ወደ ሌላ ድረ ገጽ ጭነው የሚያገኙት «አደገኛ ልዩነት» አይታመን፦ ቺፕ በጣም ብርቅ የሆኑ ልዩነቶችን ሲያነብ፣ በ2021 በወጣ የእንግሊዝ ጥናት ከ6ቱ 5ቱ ገደማ ስህተት ነበሩ።

ቅድመ ስኳር ቢገኝብዎ ሊሞከር የሚገባው ይታወቃል። በ2002 በ3,234 ሰዎች ላይ በወጣው የአሜሪካ ጥናት፣ ክብደትን በ7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ወደ ስኳር መሸጋገሩን በ58 በመቶ ቀንሷል፤ ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር ክኒን በ31 በመቶ። በዚያው ጥናት የቲሲኤፍ7ኤል2 አደገኛ ፊደል ሁለት ቅጂ የነበራቸው ሰዎች ማስመሰያ ክኒን ሲወስዱ አደጋቸው ፊደሉ ከሌላቸው 1.81 እጥፍ ሲሆን፣ ኑሯቸውን በለወጡት ዘንድ 1.15 ብቻ ነበር። ሁለቱን ቁጥሮች የሚለየው ርቀት በስታቲስቲክስ ገና ያልጸና ቢሆንም፣ መጥፎ ጂን ያለበት ሰው ኑሮን መለወጥ አይጠቅመውም የሚለውን ወሬ ግን አይደግፍም።

ልጆቹን በምራቅ አያስመርምሩ። ነጥቡ ለእርስዎ ካልሠራ ለእነርሱም አይሠራም፤ በአዋቂነት ለሚመጣ በሽታ መመርመሩ ለእነርሱ የሚተው ውሳኔ ነው። በተጨማሪም በዘረመል ውጤት ምክንያት አድልዎን የሚከለክለው፣ በ2008 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የጤና መድንንና ሥራን ይሸፍናል እንጂ የሕይወት፣ የአካል ጉዳትና የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድንን አይሸፍንም። የሕፃናት ሐኪማቸውን ግን የአያታቸውን ታሪክ ይንገሩት፤ በአሜሪካ መመሪያ ዕድሜው 10 የሞላ ወይም ጉርምስና የጀመረ ልጅ ክብደቱ ከቁመቱ አንጻር ሲለካ (BMI) ከ100 እኩዮቹ የ85ቱን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ከሆነና ሌላ አንድ ምክንያት ካለ ስኳሩ ይታያል፤ የአያት ስኳር ደግሞ እንደ አንድ ምክንያት ይቆጠራል።